ውሃው ትንሽ ይራመዳል

ካፒቴን ከትበርት ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ሚስ ኢና ሱቅ የወጡት ገመድ ሊገዙ እንጂ የወንድማቸውን ልጅ ዕድል ሊያበላሹ አልነበረም። ዝናብ ያዛቸው። ዝናቡ ባይመጣ ገመዳቸውን ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር፤ እኔም የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

ከሱቁ ክዳን ሥር ሁለት እንግዶች ተጠልለዋል፤ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ከሃምሳ አምስት የሚያልፉ። ሴትዮዋ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች።

«እንደምን ዋሉ አባባ? የዚህ አገር ሰው ነዎት?» አለች።

«እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ የምቀበረውም እዚሁ ነው» አሉ ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን አንስተው። «ስልሳ ዓመት ጀልባ ነድቻለሁ። እናንተስ ልጆቼ፣ ከወዴት ናችሁ?»

ከባርባዶስ ናቸው። እሱ ኦርቪል ይባላል፣ ርዕሰ መምህር ነበር፤ እሷ ዮላንድ ትባላለች፣ ነርስ ነች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አየር የተሞላ ጋን አዝለው ባሕር ውስጥ ሲጠልቁ ኖረዋል። ሃያ ሰው ያለበት የጠላቂዎች ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ በየዓመቱ የሚሄድበትን ቦታ መርጠው እንዲመጡ የላከው እነዚህን ሁለቱን ነው።

«ቦኔር የምትባለውን ደሴት አየን» አለ ኦርቪል። «ከመኪና ወርዶ በእግር እየሄዱ ባሕር መግባት ነው፤ ውሃው እንደ ገንዳ የተኛ። ለጀማሪ ግሩም ነው፤ እኛ ግን ጀማሪዎች አይደለንም።»

«ሳባንም አየን» አለች ዮላንድ። ስሟን ሰምታችሁ ንግሥቲቱን እንዳታስቡ፤ ሳባ በእግር ቀትር ሳይሆን ተዞራ የምታልቅ የምትመስል ሚጢጢ ደሴት ናት። «ከባሕሩ ወለል የሚነሱት ተራሮቿ ልቤን ወስደውታል። ግን እኛ የምንወደው የሚሄድ ውሃ ነው። ሰውነታችንን ለውሃው ሰጥተን፣ እሱ እየወሰደን፣ በባሕሩ ወለል የበቀለውን ኮራል እንደ አውቶቡስ መንገደኛ ከመስኮት እያየን ማለፍ። ለዚያ ይቺን ደሴታችሁን ቶቤጎን የሚያህል የለም አሉን። ጥቁር እኅት የምትሉት አለት ጋ ውሃው እንዴት ነው?»

ካፒቴኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትንሽ ይራመዳል» አሉ።

ዮላንድ ጻፈች።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ሰፈር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በፔሊካን ቤይ የባሕርን ኃይል በስሙ መጥራት ነውር ነው። ባሕሩ ይሰማል ይባላል፤ ኃይለኛ ነህ ያሉት ቀን ኃይሉን ያሳያል። ስለዚህ ውሃው ጸጥ ሲል «ተኝቷል» እንላለን። ዋናተኛን ጠራርጎ የሚወስድ ሲሆን «ትንሽ ይራመዳል»። ማንም ሊገባበት የማይገባ ሲሆን ደግሞ «ለቤተ ክርስቲያን ለብሷል» እንላለን። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ከባርባዶስ የመጣ ሰው ግን በምን ያውቃል?

ሽማግሌው በዚህ ቢበቃቸው ምናለበት! እንግዳ ደስ ይበለው ብለው ቀጠሉ። «ማንታ ታያላችሁ፤ ያ ክንፋሙ ዓሣ፣ በየቀኑ! ኤሊማ ሰልችቶናል። ሻርክም አለ። ምን የሌለ አለ? እዚህ ክፉ ቀን የሚባል አይታወቅም።»

«በየቀኑ?» አለ ኦርቪል ቅንድቡን አንስቶ።

ይኼን ጊዜ ኬዛያ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከመንገዱ ማዶ መጣች። የካፒቴኑ ሟች ወንድም ልጅ ናት፤ አሳድገዋት፣ ጎረቤት ደሴት ትሪኒዳድ ልከዋት፣ የጠላቂዎች መሪነት ተምራ ተመልሳለች። ሁለቱን እንግዶች በደብዳቤ የጠራቻቸው እሷ ነበረች፤ ሐሙስ ትጠብቃቸው ነበር፣ እነሱ ግን ሰፈሩን ቀስ ብለው ለማየት አንድ ቀን ቀድመው ደረሱ። ሰላምታ ሰጥታ ዓይኗ ደብተሩ ላይ ሲያርፍ «ጥቁር እኅት፣ ቀላል ውሃ» የሚል አነበበች። ከዚያ አጎቷን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ነገ ጠዋት ጀልባው ጋ እንገናኝ» አለቻቸው በትሕትና። «ስለ ውሃው ያኔ በደንብ እናወራለን።»

ቤት እንደገቡ ጃንጥላዋን ጥግ ላይ ወረወረችው።

«አጎቴ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ምን አደረግሁ? እንግዳ ተቀበልኩ!»

«ጥቁር እኅት ጋ ትንሽ ይራመዳል አሏቸው!»

«ታዲያ አይራመድም?»

«ይራመዳል እንጂ! ሰው ይዞ ነው የሚራመደው! እነሱ ግን የሰሙት ሌላ ነው።»

ካፒቴኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የካካዎ ሻይ ቀዱ፤ ለሷም ቀዱላት። «ስሚኝ ልጄ። አባቴ ባሕር ዳር ቆሞ ኃይለኛ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ አልጋው ላይ ሞተ። እኔም ይኸው አለሁ። አንቺ ሁለት ዓመት ተምረሽ መጥተሽ ይኼን ሁሉ ልትሽሪው ነው?»

«አልሽርም። አባትዎም እርስዎም የኖራችሁት ውሃውን ስለምታውቁት ነው። ያምናውን ባልና ሚስት ረሷቸው? ከፖርት ኦፍ ስፔን የመጡትን?»

«እንዴት እረሳለሁ? ያወጣኋቸው እኔ አይደለሁም እንዴ!»

«ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ! ውሃው ወስዶ ከደሴቲቱ ጀርባ ጥሏቸው፣ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ነው ያገኘናቸው። ጀልባ ላይ ሲወጡ ሴትየዋ ምን አለችዎት?»

ካፒቴኑ ቃሉን ያስታውሱታል። ‹ትንሽ ይራመዳል ብለውን አልነበር?› ነበር ያለችው፤ ያውም ሳትቆጣ።

«በሕይወት ወጥተዋል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ተመስገን፤ ወጥተዋል። ግን ተመልሰው መጡ? ለወዳጆቻቸውስ ወደ ፔሊካን ቤይ ሂዱ ያሉ ይመስልዎታል?»

«እሺ፣ እውነቱን ብነግራቸው የሚሸሹስ እንደሆነ? እንግዳ ቤትሽ ሲመጣ ውሻችን ይናከሳል ብለሽ ትቀበይዋለሽ?»

«አዎ! የሚናከስ ከሆነ እነግረዋለሁ! ሳልነግረው ከነከሰው ነው የሚሸሸው። እነዚህ ሠላሳ ዓመት የጠለቁ ሰዎች ናቸው አጎቴ። የሚሄድ ውሃ አያስፈራቸውም፤ ፈልገውት ነው የመጡት። የሚያስፈራቸው ውሃው የትና መቼ እንደሚሄድ የማይነግራቸው ሰው ነው።»

«ባሕሩ ይሰማላ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «የዚህን መልስ ደግሞ ትሪኒዳድ አስተምረውሻል?»

ኬዛያ ሳቋ መጣ፤ ልትይዘው ብትሞክርም አመለጣት። «ይስማ እሺ። ጆሮ አለው እንበል። እንደዚያ ከሆነ፣ ትንሽ ይራመዳል ማለት ኃይለኛ ነህ ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ሳይገባው ቀረ? የሰፈሩ ሕፃን የገባው ነገር? ባሕሩማ ድሮ ለምዶታል አጎቴ። በዚህ አነጋገር የምናታልለው ባሕሩን አይደለም፤ እንግዳውን ብቻ ነው።»

ሽማግሌውን ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያላቸው ሰው አልነበረም። ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳር እንኳ አልጨመሩበትም ነበር።

ኬዛያ ከመሳቢያው ደብዳቤ አወጣች። «ከቦኔር ነው። ሥራ ሰጥተውኛል። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ። ማኅበሩ እኛን ከመረጠ እዚህ ሥራ ይኖረኛል፤ ካልመረጠ ግን የማስጠልቀው ሰው የለኝም። ብሄድ ምን ይሰማዎታል?»

ከካፒቴኑ ሚስት ሞት ወዲህ በቤቱ ያለችው ነፍስ እሷ ብቻ ናት። ምላሳቸው ግን የፔሊካን ቤይ ምላስ ነው።

«ትንሽ… ቤቱ ይሰፋኛል» አሉ።

ኬዛያ ለአፍታ አየቻቸውና ደብዳቤውን መልሳ አጠፈችው።

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴኑ ጀልባ መቆሚያው ደረሱ። ባሕሩን አንድ ጊዜ አይተው አወቁት። ከላይ ሰማያዊና ለስላሳ ነው፤ ከጥቁር እኅት ጀርባ ግን ነጭ መስመር ተሰምሯል፣ የወፎቹም መንጋ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይንሸራተታል። ኬዛያ መጋዘን ውስጥ የራሷን ጋን እየፈተሸች ናት፤ ስለ ውሃው ገና አላወራቻቸውም። ኦርቪልና ዮላንድ የመጥለቂያ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጋናቸውን አዝለው፣ እግራቸው ላይ የመዋኛ ክንፍ ማጥለቅ ጀምረዋል።

እዚያው ተቀምጦ መረቡን የሚጠግነው ዓሣ አጥማጁ ሆሊስ ቀና ብሎ አየና «ዛሬስ ለቤተ ክርስቲያን ለብሷል» አለ።

«አቤት አነጋገር!» አለች ዮላንድ በደስታ። «ሰማህ ኦርቪል? እውነትም የክት ልብሱን የለበሰ ይመስላል! በሉ እንግባ፣ ሳይረፍድ።»

ካፒቴኑ የሴትየዋን ፈገግታ አዩ። ያምናዪቱ ሴት ፊት ድቅን አለባቸው። ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉ።

«አትገቡም!» አሉ። «ውሃው ኃይለኛ ነው። በጣም ኃይለኛ ነው! ሰው ይገድላል።»

የሆሊስ መርፌ ከእጁ ወደቀ። ሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አንዱም አማተበ። ሁሉም ባሕሩን እያዩ ጠበቁ። ባሕሩም እንደነበረው ነበር፤ አልባሰበትም፣ አልተሻለውም።

«ትናንትም ዋሽቻችኋለሁ» አሉ ካፒቴኑ፣ አንዴ ጀምረውታልና። «ትንሽ ይራመዳል ያልኳችሁ እዚህ አገር ይጠርጋል ማለት ነው። ማንታም በየቀኑ አይታይም። እኔ ዘንድሮ ያየሁት ሁለቴ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃው ጋብ ይላል፤ ያኔ ከሰሜን በኩል ከገባችሁ፣ አለቱን አስዙሮ አሸዋማው ሜዳ ጋ ያወጣችኋል። እኔ ከላይ በጀልባ እከተላችኋለሁ።»

ኬዛያ ጋን ተሸክማ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ጋኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

ኦርቪል ክንፎቹን አወለቀ። «ጋሼ ከትበርት» አለ፣ «በየደረስንበት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ የማትገቡበት ቀን አለ ወይ ብለን። ሁሉም ቀኑ ሁሉ ያማረ ነው ይሉናል። ትናንት እርስዎም እንዲያ ሲሉን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ማታውኑ ሻንጣችንን ልንዘጋ ነበር። ልጅቷ ደብዳቤዋ ላይ በደንብ ስለጻፈች ነው ያደርነው።»

«አሁንስ?» አሉ ሽማግሌው።

«አሁንማ ቁርስ ይጋብዙናል፤ ነገ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ እንገባለን» አለች ዮላንድ።

ዓርብ ገቡ። ውሃው በተባለው ሰዓት ጋብ አለ፣ በተባለው በኩል ወሰዳቸው፣ በተባለው ቦታ አወጣቸው። ማንታ አላዩም። ዮላንድ ከውሃ ብቅ ስትል ግን እንደ ልጅ እየጮኸች ነበር፤ በካሪ ቅመም የተሠራ ሸርጣን ሲበሉም ወሬዋ አላለቀም። ኦርቪል ማኅበሩ በጥር እንደሚመጣ፣ ሁልጊዜም ኬዛያ እንድትመራቸው በወረቀት ጽፎ ፈረመላት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኬዛያ የቦኔሩን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «መልስ ልጽፍ ነው» አለች። «ሥራውስ አሁን እዚህም አለኝ። ግን እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ትን…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አትሂጂብኝ» አሉ። «ብትሄጂ በጣም አዝናለሁ። ትንሽ አይደለም፤ በጣም። ይኸው፣ አልኩት።»

ኬዛያ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ፤ ይህን ለማለት ደግሞ እኔ አላፍርም።

ዛሬ ጀልባ መቆሚያው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ካፒቴን ከትበርት በየማለዳው የውሃውን ሁኔታ በጠመኔ ይጽፉበታል፤ የሚያነበው እንግዳ ብቻ አይደለም፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ዓሣ አጥማጅም ሳያነብ አያልፍም። ከዚያ ወዲህ ፍለጋ የወጣንለት ሰው የለም። ሆሊስ አሁንም ቃሉን ጮክ ብሎ አይለውም፤ ግን ሰሌዳውን በጣቱ ያሳያል፤ እሱም መሻሻል ነው።

እንግዶቹ በሄዱ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰሌዳው በተሰቀለበት በመጀመሪያው ቀን፣ በሽማግሌው ጠማማ እጅ ጽሑፍ ሁለት መስመር ተጽፎበት አገኘነው።

ውሃው፦ ጸጥ ያለ።

ኬዛያ፦ እዚሁ ናት።