ቁልፍ የጨበጡ ሴቶች

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከሰው ጋር መጨቃጨቅም አልወድም። ይህን ስል የሚያውቁኝ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። በዚያን ቀን ጠዋት ከክርክር መሐል የገባሁት ግን ፈልጌ አልነበረም። ዳቦ ልገዛ ብወጣ መንገዱ በሰው ተዘግቷል፤ አንዲት ጭነት መኪና የኋላ ክዳኗን አውርዳ ቆማለች፤ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ደግሞ በሯን ቆልፋ፣ ቁልፉን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ማልቀሱን ከርማበት የጨረሰች ትመስል ነበር።

ፊት ለፊቷ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛዋ ከፍርድ ቤት አፈጻጸም ክፍል የተላከች ወጣት ናት። ሌላው በሩን እንዲከፍቱ የተጠሩት ቁልፍ ሠሪ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ መክፈቻ» ይላቸዋል።

ነገሩ እንዲገባችሁ የሰፈራችንን ልማድ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ቤት ሲሰጥ ሰጪው ጋሽ መክፈቻ ሱቅ ሄዶ አዲስ ቁልፍ ያስቀርጻል። እሳቸው ከቁልፉ ራስ ላይ በሞረድ ትንሽ ጭረት ያበጁበታል። ከዚያ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰጪው ተቀባዩን ቁልፉን ያስጨብጠዋል፤ አለቀ። ውል የለ፣ ማኅተም የለ፣ ወረፋ የለ። አንድ ማሰሪያ ግን አለው፤ የጨበጠ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ከኖረ ጭብጡ ይፈርሳል። ይህን ማን እንደ ደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ግን ጋሽ መክፈቻ ነበሩ፤ ይኮሩበትም ነበር።

የራሳቸውንም ቤት አስጨብጠዋል፤ ለሟች ሚስታቸው ልጅ፣ ለእንጀራ ልጃቸው። ልጅቱ ነርስነት ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተመድባ፣ እዚያው የሚጠብቃት እጮኛ ነበራት። እሳቸው ስኳር ሕመም እግራቸውን ሲያቆስለው፣ «ሁለቱም አይሆንም፤ ከሄድሽ ቤቱ ይቀራል» አሏት። ቀረች። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ሥራዋም በየቀኑ የአንድ ሽማግሌ እግር ማጠብ ነው። ጓደኞቿ ሲጠይቋት «ቤት አለኝ» ትላለች፤ ያላት እሱ ብቻ ነውና።

እንግዲህ ወደ ደረጃው ልመለስ። የልብስ ሰፊዋ ታሪክ አጭር ነው። ስፌት ያስተማራት ሽማግሌ ዐይናቸው ሲደክም እሷው ደግፋ ስታኖራቸው ቤቱን አስጨበጧት። ሽማግሌው ሲሞቱ ከዚያ በፊት ደርሶ የማያውቅ የወንድማቸው ልጅ ብቅ አለ። ወራሽነቱን አረጋገጠ፣ ቤቱን በስሙ አዛወረ፣ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሸጦ እብስ አለ። ተካሰው ፍርድ ቤቱ ለሹፌሩ ፈረደ። ሹፌሩም እዚያው ከሚስቱ ጋር ቆሞ መሬት መሬት ያያል፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምንጠላው እናገኝ ነበር።

«አልከፍትም» አሉ ጋሽ መክፈቻ የመሣሪያ ቦርሳቸውን በደረታቸው አቅፈው። «ይህን ቁልፍ የቀረጽኩላት እኔ ነኝ። ስትጨብጥም ቆሜ አይቻለሁ። መምህር፣ እርስዎም ነበሩ።»

«ነበርኩ» አልኩ።

«አባቴ» አለች ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ካልከፈቱት በሩ ይሰበራል። ሲሰበር ደግሞ የሚጎዳው ውስጥ ያለው የእትዬ እቃ ነው። እባክዎን።»

«ተምረሻል ልጄ፤ እግዜር ይጨምርልሽ። ግን እስቲ ንገሪኝ። ሰውዬው በጤናው፣ በገዛ አፉ፣ በሰፈሩ ፊት ሰጣት። ኖረችበት። ጣሪያው ሲያፈስ አስጠገነች። ቁልፉ ይኸው ብብቷ ውስጥ ነው። ታዲያ ባለቤትነት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?»

«የነገሩኝ ሁሉ ይዞታ ነው አባቴ። ቤቱ በእጇ ነበር ማለት ነው። ባለቤትነት ሌላ ነው። ባለቤት ማለት በንብረቱ የሚገለገል፣ ኪራዩን፣ ፍሬውን የሚወስድ፣ ሲፈልግ የሚሸጥ፣ የሚሰጥ፣ የሚያወርስ ነው። ተከራይም ቁልፍ ይይዛል፤ ዘበኛም ይይዛል። ባለቤት ይሆናሉ?»

«ተከራይ ጭረት ያለበት ቁልፍ አይሰጠውም» አሉ ኮራ ብለው። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቅንቄያለሁ።

«ጭረቱን ማን ያውቀዋል?»

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።»

«እኚህ ሹፌርስ?» አለች ወደ ገዢው እያመለከተች። «ከከተማው ሌላ ዳር ነው የመጡት። ከመግዛታቸው በፊት መዝገብ ቤት ሄደው ጠየቁ፤ የሽማግሌውን ስም፣ ከዚያ የወራሹን አገኙ። የእትዬ ስም የለም። ሰውዬው ምን ማድረግ ነበረባቸው? በየቤቱ እየዞሩ ቁልፍ ያሳዩኝ ይበሉ? የባለቤትነት መብት በሰጪና በተቀባይ መካከል ብቻ አይቀርም፤ በማንም ሰው ላይ ይጸናል። በማንም ላይ የሚጸና ከሆነ ደግሞ ማንም ሊያየው የሚችልበት ቦታ መጻፍ አለበት። የእናንተ ጭረት የሚጸናው ጭረቱን በሚያውቅ ሰው ላይ ነው።»

ጋሽ መክፈቻ፣ «ቁልፍኮ ሌባ ያስቆማል» አሉ። አባባላቸው እልህ ብቻ ነበር።

«ሌባ ያስቆማል፤ ወራሽ አያስቆምም። ደግሞስ እርስዎ የእጅ ባለሙያ ነዎት። ከአንድ ቁልፍ ስንት ማባዛት ይቻላል?»

«እስኪሰለቸኝ ድረስ።»

«ጭረቱንስ?»

ቦርሳቸውን ከፍተው ሞረዱን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲያባዙ የኖሩ ሰው ይህን አስበውት አያውቁም ነበር። እኔ ራሴ ተማሪ ሙሉ ክፍል ሳስተምር ኖሬ አላሰብኩትም፤ ስለዚህ በእሳቸው መሳቅ አልቻልኩም።

ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ጋሼ፣ ይተዉት» አለች። «በሩ እንዲሰበር አልፈልግም።» ቁልፉን አውጥታ ለራሳቸው ለጋሽ መክፈቻ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ከፈቱት።

ውስጡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልብሳችን የተለካው እዚያ ነው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ ከግድግዳው ተያይዞ የተሠራው ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በምስማር የተንጠለጠሉ የሰው ልብሶች። ተሸካሚዎቹ መኪናዋን ሲያነሱ የሹፌሩ ሚስት ፈራ ተባ እያለች፣ «ቤቱን ከነውስጡ ነው የገዛነው» አለች።

ወጣቷ ወዲያው መለሰችላት። «የስፌት መኪና ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ንብረት በእጁ የያዘ ሰው፣ ሌላው የኔ ነው ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ ባለቤቱ እንደሆነ ይቆጠራል። የእትዬ ነው፤ ይወጣል።»

«እንግዲያ» አሉ ጋሽ መክፈቻ ተስፋ ያገኙ መስሏቸው፣ «ለመኪናው መያዟ ከበቃ፣ ለቤቱስ ለምን አይበቃም?»

«ለመርፌ፣ ለወንበር፣ ለድስት ሁሉ መዝገብ ይከፈት ብንል ገበያ ይቆማል። ቤት ግን አይሸሽም፣ አይደበቅም፤ ሰው ዕድሜውን አፍስሶ የሚሠራው ነው። ለዚህ ነው ስጦታው በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ የሚባለው። ሽማግሌው አንድ ቀን ጠዋት ከእትዬ ጋር መዝገብ ቤት ሄደው ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛውን በእጇ እየዳበሰች ቆማለች። «ይሄንንም ያንሱልኝ» አለች። ወጣቷ አጎንብሳ እግሮቹን አየች። ከወለሉ ጋር በሲሚንቶ ተይዘዋል። ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«እትዬ፣ ሳይሰበር የማይነሳ ነገር የቤቱ አካል ነው። ከቤቱ ጋር ይቀራል።»

«እኔ ነኝ ያሠራሁት።»

«አውቃለሁ። ያወጡበትን መጠየቅ ይችሉ ይሆናል፤ አቤቱታውን አብሬዎት እጽፋለሁ። ጠረጴዛው ግን ይቀራል።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለቤቱ ያላለቀሰች ሴት ለእንጨት አለቀሰች። ሹፌሩ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም ወጣሁ።

ጭነት መኪናዋ ስትሄድ ሰዉ ተበተነ። ጋሽ መክፈቻ ደረጃው ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ በተቀመጠችበት ቦታ ተቀመጡ። ወጣቷ ልትሰናበታቸው ስትጠጋ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ እኔም ቤቴን ያስጨበጥኳት ልጅ አለችኝ። የሚስቴ ልጅ ናት። ከመጀመሪያ ትዳሬ የወለድኩት ወንድ ልጅ ደግሞ አለ፤ ጠይቆኝ አያውቅም። ብሞት ያ ልጅ እንደዚያኛው ይመጣል?»

«መምጣት መብቱ ነው፤ ወራሽዎ ነው። እንዳይሆን ከፈለጉ በሕይወትዎ ሳሉ ስጦታውን በጽሑፍ አድርገው ያስመዝግቡት። ከቤቴ ታስወጣኛለች ብለው አይስጉ። ሕጉ የአላባ መብት የሚለው አለ፤ ባለቤትነቱ የሷ ይሆናል፣ በቤቱ መኖሩና ኪራይ ካለው ኪራዩን መውሰዱ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞትዎ የእርስዎ። ሁለቱም ይጻፋል።»

«ደግ ሕግ ነው» አሉ እየተነፈሱ።

«ቤቱን መቼ ነው የሠሩት?»

«ከእናቷ ጋር ከተጋባን በኋላ ነዋ። ጡቡን የምታቀብለኝ እሷ ነበረች። ነፍሷን ይማር።»

«ኑዛዜ ትተዋል?»

«ማን ስለ ኑዛዜ ያስባል?»

«ሌላ ልጅስ ነበራቸው?»

«ይህችው አንዷ ናት።»

ወጣቷ አጠገባቸው ተቀመጠች። ክፉ ነገር የምትናገር ሰው አቀማመጥ ነበር። «እንግዲያው አባቴ፣ ቤቱን በሙሉ ሊሰጧት አይችሉም። ግማሹ የእርስዎ አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና ሚስት እኩል ነው፤ መዝገቡ ላይ የአንዱ ስም ብቻ ቢኖርም። የሚስትዎ ግማሽ እሳቸው ሲሞቱ ለልጃቸው አልፏል። እስከ ዛሬ ያስጨበጧት የገዛ ራሷን ነው።»

«አሁን ስለ መዝገብ ስትሰብኪኝ አልነበረም?» አሉ ተቆጥተው።

«ነበር። መዝገቡ የማያውቃችሁን ሰው ይጠብቃል። እሷ ግን ከእርስዎ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ናት፤ የእናቷን ድርሻ እርስዎ ያውቁታል። ሳይውል ሳያድር ስሟን ያስገቡ የምለው ለዚህ ነው፤ ቤቱን ነገ ለማያውቅ ሰው ቢሸጡት እሷም ደጅ ላይ ትቀራለች።»

ጋሽ መክፈቻ እጇን ለቀቁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ያኔ ለሥራዋ ሄዳ፣ አግብታ እዚያው ብትኖርስ ኖሮ? ድርሻዋ ይቀርባት ነበር?»

«ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ በመኖሩ ብቻ ባለቤትነቱን አያጣም አባቴ። ብትሄድም ያው የሷ ነበር።»

«መምህር፣ ቤት ያድርሱኝ» አሉኝ። ተደግፈውኝ ሄድን። ቦርሳቸውን እኔ ያዝኩላቸው።

ልጅቱ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች። አስቀመጠቻቸው፣ ጫማቸውን አወለቀች፣ የትናንቱን ፋሻ መፍታት ጀመረች። እሳቸው ከላይ ሆነው ፀጉሯን እያዩ ነገሯት። አልሸሸጉም፤ ይህን አመሰግንላቸዋለሁ። የእናቷ ግማሽ የሷ እንደነበረ፣ ቁልፉም ጭረቱም ምንም እንዳልነበረ፣ ስለ ቤቱ ስታመሰግናቸው የኖረችው በከንቱ እንደሆነ ነገሯት።

«እናቴ ከሞተች ጀምሮ?» አለች ፋሻውን እየጠቀለለች።

«አዎ።»

«ብሄድም?»

«ብትሄጂም።»

ውሃውን በእጇ ሞከረች። ቁስሉን አጠበች፣ አደረቀች፣ አዲስ ፋሻ አሰረች፤ እንደ ሁልጊዜው ሳይጠብቅ ሳይላላ። ከዚያ ሳፋውን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ውሃው ሲደፋ ሰማን፤ እሷ ግን ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም። ጋሽ መክፈቻ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔ ባርኔጣዬን ሳሻሽ ቆየሁ።

በሳምንቱ መዝገብ ቤት ሄድን። የእናቷ ውርስ ተረጋግጦ ግማሹ በስሟ ገባ፤ እሳቸውም ግማሻቸውን በጽሑፍ ሰጥተው ለራሳቸው የአላባ መብት አስቀሩ። ጋሽ መክፈቻ ዛሬ ቁልፍ ሊያስጭር የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቁጭ አድርገው ይመክራሉ። «ቁልፉን እቀርጽልሃለሁ፤ ቤቱን ግን የምትሰጠው መዝገብ ቤት ነው» ይሉታል። ብዙዎች ሰምተዋቸዋል። እኔም ተማሪ እንዳጣ መምህር ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ እጨምርበታለሁ። የሰጣችሁትን አስመዝግቡ፤ የተሰጣችሁን ጠይቁ። በትዳር ያፈራችሁት የሁለታችሁ ስም ይኑርበት። የሞተ ሰው ድርሻ የማን እንደሆነ ሳታጣሩ ለጋስ ነኝ አትበሉ። የተመዘገበ ቤት ያለው ሰው በሰላም ይተኛል፤ ወራሽም ገዢም አያስደነግጠውም። ከሁሉም በላይ ቤቴን እጠብቃለሁ ብሎ ዕድሜውን አያስርም።

ከመዝገብ ቤቱ የወጣን ዕለት ልጅቱ ማስረጃዋን በፕላስቲክ ከታ ይዛ በግራቸው በኩል ትደግፋቸው ነበር። ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ጋሽ መክፈቻ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ የትም ብትሄጂ ቤቱ ያንቺ ነው። እግሬን ሰው ቀጥሬ እታጠባለሁ። አሁን ሂጂ።»

እሷም መንገዱን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች።

«የት ልሂድ አባባ?» አለቻቸው።