ጋሪው ላይ የተጣለው ብርድ ልብስ

ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ወደ ታቦር ሰፈር በሚሄድ ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። መሐል ላይ ያሉት አሮጊት፣ የታጠፈ የሕፃን ጋሪ እግሯ ሥር አድርጋ ልጇን በብርድ ልብስ ሸፍና የታቀፈችውን ወጣት እናት ያዋሯታል።

«ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ?»

«ፀሐይ እንዳትመታው ነው፣ እማማ። ሐይቁ ዳር በጋሪ ሳንሸራሽረውም ከላይ ጣል አድርጌበት ነበር።»

«ዙሪያውን ዘግተሽ?»

«አዎ።»

«ነፋስ ካልገባማ ውስጡ እሳት ነው! ዣንጥላ ያዢለት እንጂ። እስቲ እጅሽን አስገቢና ዳብሺው።»

«ውይ፣ አንገቱ በላብ ርሷል!»

«በይ ግለጪው። እዚህ ፀሐይ የለችም።»

«እሺ... ስንወርድ።»

«ለምን ስንወርድ?»

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እማማ? ለፀሐይ ብቻ አይደለም። ሰው ሲያፈጥበት እፈራለሁ። የሰው ዓይን መጥፎ ነው።»

«ዓይንማ እኔም እፈራለሁ። ግን ዓይን እንዳያገኘው ብለሽ አንቺው ልታፍኚው ነው?»

ከተሳፈርኩ ጀምሮ ልጁን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ቆይቼ፣ ብርድ ልብሱ ሲነሳ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።