አክስት በሌለችበት ሳሎን

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም ከኋላ ቆማችሁ "ወንበር ጠፋ" የምትሉ የመብራት ሠራተኞች፤ ወንበር አልጠፋም፣ ያላችሁበት ድረስ እየመጣ ነው።

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሥራ አስኪያጃችን፣ ስቱዲዮውን ግማሽ ቀን ዘግተህ ሰው ሰብስበህልኛል። ጥርሴን ሲያመኝ ግማሽ ሰዓት ለምኜህ የከለከልከኝ ሰው ለመሰናበቻዬ ግማሽ ቀን መስጠትህ "ቶሎ ሂድልኝ" ማለት ነው ብዬ አልተረጎምኩትም። ኬኩን ለቆረሳችሁልኝም አመሰግናለሁ። የቆረሳችሁበት ቢላ ግን በድራማው የእናትየው የማዕድ ቤት ቢላ ነው። ታጥቦ መሳቢያው ውስጥ ይግባ፤ ሰኞ ሥራ አለበት።

ለማታውቁኝ አዳዲስ ልጆች፣ እኔ የዚህ አስቂኝ የቤተሰብ ድራማ ዕቃ ያዥ ነኝ። ከዚያ በፊት ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች እነግድ ነበር። ድራማው ሲጀመር ለሦስት ቀን ተብሎ አንድ ሶፋ ከእኔ ወሰዱ። ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሲሆንብኝ ሶፋዬን ላስመልስ መጣሁ። አንዲት ሴትዮ ተቀምጣበታለች።

"እመቤት፣ ተነሺ፤ ዕቃዬን ልውሰድ" አልኳት።

"ቀረጻ ላይ ነን፤ ዝም ብለህ ቁጭ በል" አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሶፋ ሊወስድ መጥቶ ሶፋው የወሰደው ነጋዴ ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ?

ያቺ ሴትዮ በድራማው የአባወራውን እህት፣ ሁላችንም "አክስት" የምንላትን የምትጫወተው ናት። እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። ዛሬ የምናገረው ስለ እሷ ነው፤ ግን እዚያ ለመድረስ ትንሽ ታገሡኝ።

ከንግድ የቀረኝ አንድ አመል የዕለት ማስታወሻ መያዝ ነው። በየቀረጻው ማብቂያ ምን ከቦታው እንደተነሣ፣ ምን እንደተሰበረ፣ ማን ምን እንደነካ እጽፋለሁ። ዋና ደራሲያችን ሰዎቹ የሚሉትን ትጽፋለች። እኔ ደግሞ እጃቸው የሚሠራውን እጽፋለሁ። አፍና እጅ እንደማይስማሙ የገባኝ እዚህ ነው። በሱቄ ውስጥ "አልፈልገውም" እያለ ዕቃውን የሚያሻሽ ደንበኛ ስንቱን አይቻለሁ!

አባወራውን እንውሰድ። አትሳቅ፣ ተራህ ነው። በየምዕራፉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ "ይህን ቤት ጥዬ እሄዳለሁ!" ብሎ ሻንጣውን ያወጣል። መጀመሪያ ልብስ ሞላሁለት። "ጋሼ፣ ወገቤን ልትቆርጠው ነው?" አለኝና ባዶ አደረግኩለት። ባዶውንም ሳሎኑን አቋርጦ እየጎተተ፣ ከጠረጴዛው ጋር እያላተመ ይወጣል።

"አሁን እኮ ላባ ነው፤ ለምን አታንጠለጥለውም?" አልኩት።

"ካልጎተትኩት ማን ይሰማኛል?"

እሱ የተናገረው ስለ ድምፅ ባለሙያው ነበር። እኔ ግን አባወራውን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የምር የሚሄድ ሰው ሻንጣውን አንሥቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ይሄዳል። የሚያላትመው "ያዙኝ፣ ልቀቁኝ" ባዩ ነው፤ እሱም ከሁለቱ የሚፈልገው "ያዙኝ" የሚለውን ብቻ ነው።

እናትየውስ? የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ "ማንም እንዳይነካ!" ትላለች። ተመልካቹ ስስታም ይላታል። የቁም ሣጥኑ ጀርባ ግን ገና በሁለተኛው ዓመት ተገንጥሏል። ሰነፉ ልጇ በየሳምንቱ ከኋላ እጁን እየሰደደ ብስኩት ይሰርቃል፣ ሕዝቡ ይስቃል። ጀርባውን ልጠግነው ስል እናትየውን የምትጫወተው ተዋናይታችን እጄን ያዘችው። "ተው፣ አትንካው" አለችኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ እናት ቁም ሣጥኑን ከመቆለፏ በፊት ብስኩቱን ወደ ኋላ ገፋችው፤ እጅ እንዲደርስበት። ስክሪፕቱ ላይ የለም።" ከፊት ቆልፋ ከኋላ ታጎርሳለች! ልጁ ሌባ ነኝ ብሎ ያስባል፤ እሷ ግን ስትቀልበው ኖራለች።

ደራሲዋ ልጄ፣ ይህን አንቺ አልጻፍሽውም። ግን አንቺ ባትጽፊው ኖሮ አይመጣም ነበር። በደንብ የተሠራ ቤት ባለቤቱ ያላሰበው ክፍል ይኖረዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው እንዴት ይሳሳታል? ተሳሳትኩ። አሁን ወደ ጉዳዬ መጣሁ።

ከሦስት ወር በፊት ስለ አዲሱ ምዕራፍ ስንሰበሰብ ሥራ አስኪያጃችን "ድራማው ከብዷል፤ ምን እንቀንስ?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "ጋሼ፣ አንተ ነጋዴ ነህ፤ ስሜት አይዝህም። ንገረን" አለኝ።

ስሜት አይዝህም መባል ይጥማል። ማስታወሻዬን ገለጥኩ። አክስት በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ትናገራለች? ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ። ምን ትላለች? "እሺ፣ እነግረዋለሁ።" "እሺ፣ እነግራታለሁ።" በስድስተኛው ዓመት ደግሞ ታምማ ሦስት ሳምንት ቀርታ ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ ሳህን እንኳ አልተሰበረም። በደህናው ጊዜ አባወራው ጠረጴዛ እየመታ፣ እናትየው እየወረወረች ሳህን አላስቀምጥ ብለውኛል። ይህን ሁሉ ዘረዘርኩና አንድ አረፍተ ነገር ጨመርኩ።

"መደርደሪያ ይዞ የማይሸጥ ዕቃ ነው" አልኩ።

ስለ ሰው ነው ያልኩት። ያውም ስለ እሷ። ሥራ አስኪያጁ ጻፈው። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም አንብባችሁታል፤ በአዲሱ ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል አክስት ሩቅ ካለ ዘመድ ጋር ልትኖር ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ አትመለስም። ሰኞ ጠዋት ይነበባል። ለብዙዎቻችሁ አንድ ትዕይንት ነው። ለእሷ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ማብቂያ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዕቃ ክፍሉን ለተተኪዬ ሳስረክብ ማስታወሻዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ አገላበጥኩ። የእነዚያን የሦስት ሳምንታት ገጾችም አነበብኩ። ልጥቀስላችሁ።

"ሰኞ። ምንም አልተሰበረም። አባት መኝታ ቤት ጋዜጣ ያነባል። እናት ማዕድ ቤት ናት።"

"ረቡዕ። ምንም አልተሰበረም። ልጁ ብስኩቱን ሳይነካ ወጣ።"

"ዓርብ። ምንም አልተሰበረም። ሻንጣው ከቦታው አልተነሣም። ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልተቀመጠም።"

ያኔ ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕቃዬ ተርፏላ! አሁን ግን ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋብኝ ያህል ደነገጥኩ። ትዝ ይላችኋል? ያን ሰሞን ተመልካቹ "ምን ነካቸው? ቤቱ ሬሳ የወጣበት መሰለ" እያለ ስልካችንን አጨናንቆት ነበር። ደራሲዋ ደግሞ "እንዲጣሉ እጽፋለሁ፤ ሲጫወቱት ግን አይጣሉም" ብላ ፀጉሯን ስትነጭ ነበር።

ለምን አልተጣሉም? ሰላም ስለወረደ ነው?

ልጅ ሲወድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወድቆ ወዲያው አያለቅስም። መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል። እናቱ ካለች ይጮኻል። ከሌለች አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። ያ ጉብዝና እንዳይመስላችሁ፤ የሚያለቅስለት ሰው ስላጣ ነው።

ሰው የሚጣላውም እንደዚያው አስታራቂ ባለበት ነው። አባወራው ሻንጣውን የሚያላትመው እሷ ሶፋው ላይ ስላለች ነው። "ወንድምዓለም፣ ዝናብ ሊጥል ነው፤ ነገ ትሄዳለህ" እንድትለው። እናትየው ሳህን የምትወረውረው ስብርባሪውን እያነሣች "እነግረዋለሁ" የምትላት ስላለች ነው። ባልና ሚስቱ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት ተነጋግረው ያውቃሉ? ፈልጌ አጣሁ። "ንገሪው!" ትላለች። "ንገሪያት!" ይላል። ሁለቱም እየጮኹ የሚያዩት ወደ ሶፋው ነው። አክስት ሁለት ቃል የምትናገረው ሰባት መቶ ቃል ስለምትሰማ ነው።

የሻይዋስ ነገር? አክስት በየክፍሉ ሻይ ይቀርብላታል፤ አንድም ቀን ጠጥታው አታውቅም። ያጠፋው ሰው መጥቶ አጠገቧ ይቀመጥና ብርጭቆዋን አንሥቶ ይጠጣባታል። እሷም ምንም አትልም። በዚያ ቤት ይቅርታ የሚባለው እንደዚያ ነው። እኔ ሞኙ ለዓመታት "የአክስት ሻይ አሁንም ተጠጣ፤ ሌላ ይቅረብ" ብቻ እያልኩ እጽፍ ነበር።

እሷ ዕቃ አይደለችም፤ መደርደሪያውን ግድግዳው ላይ የያዘችው ሚስማር ናት። ሚስማር አይሸጥም። ነቅለህ ስታየው ግን ሁሉም ነገር መሬት ላይ ነው።

ትናንት ይህን ልነግራት መልበሻ ክፍል ሄድኩ። መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ሹራቧን ትቆልፋለች።

"መደርደሪያ ይዞ የማይሸጥ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች፣ በመስታወቱ እያየችኝ። "በማግሥቱ ነው የሰማሁት። አንተ ሰውዬ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ምሥጢር ያለ ይመስልሃል?"

"ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ 'እንደምን አደርክ' ስትይኝ..."

"እንደምን እንዳደርክ ማወቅ ፈልጌ ነው። ደህና አላደርክም ነበር፤ ያስታውቅብሃል።"

ይቅር በይኝ ብዬ ልጀምር ስል እጇን አነሣች።

"በጉባኤ ሸጠኸኝ በጓዳ ልትገዛኝ ነው? ሂድና ለሰሙህ ሰዎች ንገራቸው። ደግሞ አሳዝናቸዋለሁ ብለህ እንዳታለቅስ፤ አያምርብህም።"

ስለዚህ አላለቅስም። በጉባኤ ያልኩትን በጉባኤ አነሣለሁ፦ ተሳስቻለሁ። የነገርኳችሁ ቁጥር ትክክል ነበር፤ ከቁጥሩ ተነሥቼ የፈረድኩት ግን ስህተት ነበር። አንድን ሰው በሚናገረው ቃል ብዛት መዘንኩ። ነጋዴ ሆኜ፣ ሱቅ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ሰው ለምን እንደሚቀመጥ ማወቅ ነበረብኝ። አባቴ ሱቅ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ ሙሉ ቀን ዝም ይል ነበር። ሲሞት ሱቁ ውስጥ የጎደለ ዕቃ አልነበረም፤ መንገደኛው ግን ሱቁ ጋ መቆም ተወ።

ሥራ አስኪያጃችን፣ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የሰኞው ክፍል እንደገና ይታይ። በእኔ ቃል የወጣች፣ በእኔ ቃል ትመለስ። አሁን እጅህን አነሣህ፤ ተናገር።

"ሰኞ እናየዋለን፣ ጋሼ" አለ። ሰማችሁት?

እንግዲህ "እናየዋለን" የሚል ደንበኛን እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ይህን ብሎ መንገድ መንገዱን እያየ ይወጣል፤ እሱን አትጠብቀው። ሁለተኛው ይህን ሲል ዓይኑ ዕቃው ላይ ይቀራል። እሱ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከምሳ በፊት ይመለሳል። አንተ አሁን ስትናገር ወዴት ነበር የምታየው? እኔን አላየህም፤ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ነው ያየኸው። ስለዚህ ዋጋ አልጨምርም፣ አልጨቀጭቅም። ነጋዴ ይህን ካየ ዝም ማለት ይገባዋል።

ከመቀመጤ በፊት ግን ልመርቃችሁ።

የመብራት ልጆች፣ ከመሰላሉ በሰላም ውረዱ። የድምፅ ባለሙያው፣ ጆሮህ ክፉ አይስማ። ደራሲዋ ልጄ፣ ብዕርሽ አይድረቅ፤ ያላሰብሻቸው ክፍሎች ይብዙልሽ። አባወራ፣ ወገብህን ይማርልህ። እናት፣ ሰርቆ የሚበላልሽ አይጥፋ። ሥራ አስኪያጃችን፣ የምታየው ይብራልህ። ተተኪዬ፣ የሰው እጅ ተመልከት፤ ዕቃው ራሱን ይጠብቃል።

ለሁላችሁም ደግሞ አንድ ምርቃት አለኝ። ቤታችሁ ጠብ አይግባ ብዬ አልመርቃችሁም፤ ይህን የሚል ሰው ቤት ኖሮት አያውቅም። ስትጣሉ ግን የምትጣሉበት ሳሎን ይኑራችሁ። ሳሎኑ ውስጥም ሁለት ቃል ብቻ የሚናገር ሰው አይታጣባችሁ።

ሰላም ሁኑልኝ።