ለግቡ ሲባል የበራ ፕሮጀክተር

ዝናብ የማያገናኘው ሰው የለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ገና ከደጁ ፈቀቅ ስል ዶፉ ወረደ። ጃንጥላ አልያዝኩም፤ እኔ ጃንጥላ የምይዘው ፀሐይ በወጣ ቀን ብቻ ነው። እየሮጥኩ የመማሪያ ክፍሎቹ በረንዳ ላይ ስደርስ የጂኦግራፊ መምህሩን ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። በብብታቸው የተጠቀለለ ትልቅ ካርታ ይዘዋል፤ እንዳይረጥብም ላስቲክ አልብሰውታል።

እኚህን ሰው ተማሪውም መምህሩም «ጋሽ ጠመኔ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው የኮታቸው ቀኝ እጅጌ ዘወትር በጠመኔ ብናኝ ነጭ ስለሚሆን ነው። አይቀየሙም፤ እንዲያውም ሰው በደንበኛ ስማቸው ሲጠራቸው ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላቸዋል። ዘንድሮ ግን እጅጌያቸው ንጹሕ ነው። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ጠመኔ አልጨበጡም።

«ካርታው ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወደ ቤት» አሉኝ፣ ዐይናቸውን ከዝናቡ ሳይነቅሉ። «ነገ ስብሰባው ላይ የምናገረውን ተናግሬ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እዛወራለሁ። ርእሰ መምህሯም ቦታው ክፍት ነው ብለውኛል። ወንበርና ጠረጴዛ እጠብቃለሁ። ወንበር ፊቱን አያዞርብኝም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤታችን እያንዳንዱ መምህር ዓመቱ ሲጀመር አንድ የሙያ ግብ ይይዛል፤ ዓመቱ ሲጋመስ ደግሞ በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ምን ያህል እንደተራመደ ይናገራል። የዘንድሮው ግብ በክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂን ስለ መጠቀም እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ጋሽ ጠመኔ የያዙት ግብ አጭርና ጥብቅ ነው፤ በየክፍለ ጊዜው ፕሮጀክተር እጠቀማለሁ የሚል።

ይህን ስንነጋገር ከጎን ካለው ክፍል የእህታቸው ልጅ ወጣች። ሒሳብ ታስተምራለች፤ በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ሒሳብን በጨዋታ የሚለማመዱባቸውን ታብሌቶች ቁም ሳጥን ውስጥ ስትቆልፍ ቆይታ ኖሯል፣ ቁልፉ ገና እጇ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ሰማሁ? ግምጃ ቤት?»

«ሰምተሻል ልጄ። ጆሮሽ የእናትሽ ነው።»

«ግቡን አላሳካሁም ብለው ነው?»

«ማሳካቱንማ አሳክቻለሁ፤ ክፋቱም እሱ ላይ ነው። ሳላበራው የወጣሁበት ክፍለ ጊዜ የለም። የቃል ፈተና በሰጠሁ ቀን እንኳ አብርቼዋለሁ።»

«በቃል ፈተና ደግሞ ምን አሳዩበት?»

«ምንም። ባዶውን ግድግዳው ላይ አበራሁት። ቃል ገብቼ የለም እንዴ?»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ ጠመኔ ሞኝ አይደሉም፤ ነገር ግን ቃላቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ለምን እንደወጣ መጠየቅ አይሆንላቸውም። የእህታቸው ልጅ ግን አልሳቀችም። ፊታቸውን አይታ ነበር።

«ምን እንደናፈቀኝ ታውቂያለሽ?» አሏት ዝግ ብለው። «ዐይን ነው የናፈቀኝ። ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ማስታወሻዬን አንዲት መስመር ሳላስቀር ስላይድ ላይ ጽፌዋለሁ። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ። ጨለማው ውስጥ የሚታየኝ ያጎነበሰ ጭንቅላት ብቻ ነው። ድሮ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሰሌዳው ላይ ወንዝ ስዬ ዞር ስል ዐይናቸው ይጠብቀኝ ነበር። የገባው ልጅ ዐይኑ ይናገራል፣ ያልገባውም ይናገራል። አሁን ገባቸው አልገባቸው በምን ልወቅ? ያቺ ልጅ እንኳ ብትኖር አንድ ነገር ትለኝ ነበር።»

ያቺ ልጅ ያሏት ክፍሉ በሙሉ «ጠያቂዋ» የሚላት ተማሪያቸው ናት። ለምን ሳትል ውላ የማታድር ልጅ ነበረች። ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረና ጀሶ ገብቶላት ቤት ዋለች። እሷ ከቀረች ወዲህ በዚያ ክፍል «ለምን» የሚል ድምፅ አልተሰማም። በትምህርት ቤት ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና መምህር ተማሪውን ሲናፍቅ እንዴት እንደሚሆን ዐውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች የእህታቸው ልጅ፣ «ማሽኑን አልቻሉበትም የሚልዎት ካለ ተሳስቷል፤ ችለውበታል። ነገር ግን የያዙት ግብ የማሽኑ ግብ ነው። በራ ወይስ አልበራም የሚል። ልጆቹ የት ላይ ናቸው?»

«የያዝኩት ቴክኖሎጂ ያዙ ስላሉኝ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ማንም ሳይልዎት ይንገሩኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ ምን ሲያደርጉ ቢያዩ ደስ ይልዎታል?»

ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ደረጃውን ይመታል። ጋሽ ጠመኔ ካርታውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ሲጠይቁኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ግብዎ እንግዲህ ይኼ ነው። የቀረው ሁሉ ዕቃ ነው።»

«አፍሽ አይጠፋም አንቺ። የራስሽ ክፍልስ?» አሉና ቀና አሉ፤ ሙግት ሲጀመር ወገባቸው ይቃናል። «ታብሌቱ ሲያፏጭ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። ልጆችሽ ነጥብ እየቆጠሩ ይጮኻሉ። ጩኸት ጥያቄ ነው? በቀደም ከአንቺ ክፍል የወጣውን አንዱን ምን ተማርክ ብዬ ብጠይቀው፣ አንደኛ ወጣሁ አለኝ። ምኑን ብለው አያውቀውም።»

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። የምትመልስላቸው ቃል እየፈለገች መስሎኝ ነበር።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ሲደሰቱ አየሁና የገባቸው መሰለኝ። ነገ እኔም ይህንኑ ነው የምናገረው። የእኔም ግብ ጎዶሎ ነው።»

በዚህ ንግግሯ ወደድኳት። ተሸነፍኩ የሚል ወጣት ጥቂት ነው፤ ተሸነፍኩ የሚል ሽማግሌ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፣ እኔን ጨምሮ።

«ታዲያ ምን እንለፋለን?» አሉ ጋሽ ጠመኔ። «ጠመኔው ይመለስና እንገላገል።»

«ጠመኔውም ይመለስ፣ ማን ከለከለዎት? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ፤ እኛ ከጥምጣሙ ስለጀመርን ነው የተቸገርነው። ለማሽኑ ጠመኔ የማይችለውን ብቻ እንስጠው። ጠመኔ ወንዝ ይስላል፤ ወንዙ በብዙ ዓመት ውስጥ ቦታውን ሲቀይር ግን ማሳየት አይችልም። ጠመኔ ከክፍሉ አይወጣም፤ ድምፅዎ ግን ይወጣል።»

«ድምፄ ወዴት ነው የሚወጣው?»

«ጠያቂዋ ቤት» አለችና ስልኳን አወጣች። «የእናቷ ስልክ አለኝ። እዚሁ ይናገሩ፣ ድምፅዎን እቀዳዋለሁ፤ አሁኑኑ ይደርሳታል።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ?»

«ቀስ በቀስ ነው ጋሼ፣ እንቁላልም እኮ...»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በከዘራ እሄዳለሁ» ብለው አቋረጧት፤ ስልኩን ግን ተቀበሏት።

ክፍላቸው ገባን። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፤ የታፈነው አየር ሽታ አይነሳ። ጋሽ ጠመኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የተከበርሽ ተማሪያችን ሆይ» ብለው ሲጀምሩ ዜና የሚያነቡ መሰሉ። የእህታቸው ልጅ እንደገና አስጀመረቻቸው። በሁለተኛው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ተናገሩ፤ ወንዝ ከተራራ ወርዶ ሜዳ ላይ ሲደርስ እንደሚዘገይ፣ ግራ ቀኝ እያለ እንደሚጠማዘዝ ነገሯት። ያ ሰሌዳ ፊት የማውቀው ድምፃቸው ተመለሰ። ሲጨርሱ ቆም አሉና «ናፍቀሽናል። ያልገባሽን ጠይቂኝ» አሉ።

ዝናቡ ሳያባራ መልሱ መጣ። ቀጭን ድምፅ ነው። «ጋሼ፣ ወንዙ ቀጥ ብሎ ቢሄድ አይቀለውም ነበር? የሚጠማዘዘው መንገድ ጠፍቶት ነው?»

ጋሽ ጠመኔ ደግመው አስከፈቱት። ከዚያ ለመመለስ አፋቸውን ሲከፍቱ የእህታቸው ልጅ ስልኩን ሳብ አደረገችው።

«አይመልሱላት። ነገ ክፍሉ ይመልስላት።»

«ዝም ቢሉስ?»

«ዝም ካሉ ግምጃ ቤቱ የትም አይሄድም። ከስብሰባው በፊት ክፍል አለዎት አይደል?»

ጋሽ ጠመኔ ወደ እኔ ዞረው «አንተም ና። ካፈርኩ የምታስተዛዝነኝ አንተ ነህ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከእህታቸው ልጅ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ተከፍቷል፤ ምስሉ የሚያርፍበት ግድግዳ ዘንድ ያለው ብቻ ተዘግቷል። ስላይዱ ላይ አንድም ጽሑፍ አልነበረም። ከሰማይ ላይ የተቀረጸ አንድ ወንዝ ብቻ ታየ፤ ዓመታቱ ሲያልፉ እየተለጠጠ፣ እየታጠፈ ሜዳውን ሲያካልለው። ምስሉ ሲያልቅ ጋሽ ጠመኔ ፕሮጀክተሩን አጠፉት። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ሲጠፋ የመጀመሪያው ነበርና ልጆቹ የተበላሸ መስሏቸው ተያዩ። ቀጥሎ ከእህታቸው ልጅ ስልክ የጠያቂዋ ድምፅ ተሰማ።

«እሷ ናት» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ። ጋሽ ጠመኔ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ቆመዋል። ጸጥታው ሲረዝም እኔው ልመልስ ቃጥቶኝ ነበር፣ መልሱን ባውቀው ኖሮ።

«መንገድ አልጠፋውም» አለች ከመስኮቱ ዳር የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ። «ድንጋይ ገጥሞት ነው የሚዞረው።»

«ሜዳው ላይ ድንጋይ የት አየሽ?» አላት ከፊቷ ያለው። «ባዶ ሜዳ ላይ ነው የተጠማዘዘው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምንድነው?»

ይህን የጠየቀው ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ሦስት አራቱ አንድ ላይ ነበሩ። ጋሽ ጠመኔ ጠመኔ አነሱና መታጠፊያውን ሳሉ። መልሱን ግን አልነገሯቸውም። ውሃው በየትኛው ዳር ይፈጥናል አሉ፤ የፈጠነው ዳር አፈሩን ምን ያደርገዋል አሉ፤ የዘገየውስ አሉ። ልጆቹ እየተነጣጠቁ ደረሱበት። ውሃው በውጪው ዳር ፈጥኖ አፈሩን ይቦረቡራል፣ በውስጠኛው ዘግይቶ ያስቀምጠዋል፤ ትንሿ ጥምዝ እንዲህ ትልቅ ትሆናለች። ጋሽ ጠመኔ ከሰሌዳው ዞር ሲሉ ያ ሁሉ ዐይን እሳቸው ላይ ነበር። የልጆቹንም ሙግት የእህታቸው ልጅ ቀድታ ወደ ጠያቂዋ ላከችው።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ላይ ርእሰ መምህሯ «ግብዎ ላይ ምን ያህል ደረሱ?» ሲሉ ጋሽ ጠመኔ ተነሱ።

«ገና ሩቅ ነኝ» አሉ። «እስከ ትናንት ያበራሁት ለግድግዳው ነበር። ከእንግዲህ ግቤ በየክፍለ ጊዜው ልጅ እንዲጠይቀኝ ነው። ማሽኑ ለዚያ የሚረዳኝ ሲሆን አበራዋለሁ፤ የማይረዳኝ ሲሆን አጠፋዋለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ክፍሌን አልለቅም።»

ርእሰ መምህሯ ፈቀዱ፤ ለግምጃ ቤቱ ሌላ ሰው ይፈለጋል አሉ። የእህታቸው ልጅም ተነሥታ የጨዋታዋን ጉድለት ሳትሸሽግ ተናገረች።

አንባቢዬ ሆይ፣ አዲስ ዕቃ ስለገባ ትምህርት ገባ ማለት አይደለም፤ ዕቃውን መጥላትም ዐዋቂነት አይደለም። መምህር አስቀድሞ ለተማሪው ምን እንደሚመኝ ቢያውቅ፣ የሩቁን አገር ክፍል ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ቤት የዋለውም ልጅ ከጓደኞቹ እኩል ይሟገታል፤ ዝምተኛዋም አፍ ታወጣለች። በየዓመቱ አጋማሽ ቆም ብሎ መንገዴ ትክክል ነው ወይ ማለትም አያዋርድም። ያልቆመ እኮ ነው ርቆ የሚጠፋው።

ከስብሰባው ስንወጣ የእህታቸው ልጅ ስልክ ጮኸ። ጠያቂዋ የክፍሉን ሙግት ሰምታ መልሳለች። «አሁን ገባኝ ጋሼ» ትላለች። ቀጥላም፣ «ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ?»

የእህታቸው ልጅ «ይህንንም ነገ ለክፍሉ እናቅርበው?» አለች።

«አይ፣ ይህንን እኔ ነኝ የምመልሰው» አሉ ጋሽ ጠመኔ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ አፋቸው አስጠጉት። «ማንም አልተቀመጠበትም ልጄ። ቶሎ ነይ።»