ምንም የሌለባቸው ሰው

ግባ ክፍሉ፣ ግባ! ፓርክ የት አደረግክ? ቆይ፣ አውሮፕላኑ ይለፍ... ይቺ ዩለስ ከተማ ኤርፖርት ሥር ሆና፣ ሰው በሰላም ሰላም እንኳ አይባባልባትም። ውሃ ውሰድ፣ ቀዝቃዛ ነው።

ስብሰባው አለቀ እኮ። ፈረቃ ያዘህ አይደል? መጠጥ ካቆምነው ልጆች አንተ ብቻ ቀረህ። ያው እንደ ሕጋችን፣ ሰው ስለ ራሱ ብቻ ያወራል፣ ምክር የለም። እኔ ታክሲዋን አጥር ላይ ያወጣኋትን ቀን አወራሁ። አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ? ቀለለኝ። ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ...

የማን? ኧረ ቀስ በል! የጋሼ ነዋ፤ ያው ጥግ ላይ ወንበር እያጣጠፉልን ነው። ደግ ሰው እኮ ናቸው። «እኔ እንኳ ምንም የለብኝም፣ እናንተን ለማገዝ ነው የምመጣው» አሉን፣ እንደ ሁልጊዜው። ጤነኛ ሆኖ በየሳምንቱ በሽተኛ የሚጠይቅ የት ይገኛል? መጀመሪያ ቀን «ሊቀ መንበር ይመረጥ፣ የቀረ ይቀጣ» ያሉትስ እሳቸው አይደሉ? እድር መስሏቸው... ገና ሳንሞት!

ሶ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሕዝቅያስን መከሩት። እኔንም መከሩኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር... ለእኛ አዝነው ነው። አፋቸው ደግሞ ሚንት ከረሜላ ብቻ ይሸታል! ንጹሕ ሰው። መንዳቱንም ትተዋል፤ ፖሊስ ራሱ እንዲያርፉ ብሎ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሏቸዋል። ይህን ሁሉ ክብር ማን አገኘ?

ውጭ መኪና ውስጥ ባለቤታቸውን አየሃቸው? ሞተሩን አላጠፉም አይደል? «ዛሬ ስለ ራሱ አንዲት ቃል ካልተናገረ ልጆቼን ይዤ ዴንተን ከተማ እህቴ ጋ እገባለሁ» ብለው ነበር አሉ። ምን ክፋት አለው? ቤቱ ሰፋ ይላል። ምንም የሌለበት ሰው ደግሞ ምን ይጎድልበታል...

ውይ፣ ወንበሩ ወደቀ! አይዞዎት ጋሼ፣ ላግዝዎት? ...አይ፣ እምቢ አሉ። መታገዝ አይወዱም፣ ማገዝ እንጂ።

ሶ ቅድም እትዬ በር ላይ ያዙኝና «ዛሬስ ተናገረ?» አሉኝ። ምን ልበል ክፍሉ? መዋሸት አቁሜያለሁ። «ሁላችንንም መከሩን» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ጉንጬን ዳበስ አድርገው መረቁኝ፦

«አንተንስ እግዜር ጨርሶ ይማርህ፤ ለሱም እንዳንተ መታመምን ያድልልኝ፣ ልጄ።»