ሰሞን የሌለው አገልግሎት

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ሦስት ሰው ጎድሎት ቆሟል። እስከዳር በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ በስልክ ትነጋገራለች፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይደውላል። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየዞረ በሚረዳ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን ፈቃድ ወስዳ አታውቅም። ሰኞ ግን የሥራ መልቀቂያ ልታስገባ ቆርጣለች።

አጠገቧ የተቀመጡት ቄስ ገብረ ኪዳን ስልኩ ፋታ እስኪሰጣት ጠበቁና፣

«ምነው ልጄ፣ ሹመት አለሽ መሰል፤ አገሩ ሁሉ አንቺን ይጠራል» አሏት።

«ሹመት እንኳ አይደለም፣ አባቴ። የምንረዳቸው አረጋውያን ናቸው። ስልኬን ለሁሉም ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ሸጋ ሥራ ነው። ታዲያ ፊትሽ ምነው ጠቆረ?»

የማታውቃቸው ሰው ስለሆኑ ይሆናል፣ ለባልደረቦቿ ያልነገረችውን ነገረቻቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ቢጠይቋት ጮኸችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ በራሷ አፍራለች።

«ርኅራኄዬ አልቋል። ሰው ከመበደል ሥራውን መተው ይሻላል።»

ቄሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ ዛሬ አዘዞ ልጄን ልጠይቅ ነው የምሄድ። የቅዳሴ ሰሞኔን ጨርሼ ለባለተራው አስረክቤ ወጣሁ።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«እሱማ ምን ይሆናል! የእነ ቄስ መለሰ ሳምንት ገባ። እነሱ ይቀድሳሉ፤ እኔ አርሳለሁ፣ ዘመድ እጠይቃለሁ፣ እተኛለሁም። ተራዬ ሲደርስ እመለሳለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ነው ያገለገልሁ።»

«የእናንተ ይለያል። ቅዳሴው ማንም ቢቀድሰው ያው ቅዳሴ ነው። የእኔ አረጋውያን የለመዱት እኔን ነው። ሰውአገኝ የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ወሬ ያበዛል። እንዳልካቸው ደግሞ ገና አዲስ ነው።»

«በስመ አብ! እኛ ለእግዜር እንኳ በተራ ነው የምንቆመው፤ አንቺ ለሰው ብቻዬን ካልቆምሁ ትያለሽ?»

ከኋላ የተቀመጡ ሴት ሳቁ። እስከዳርም ሳቀች፤ ነገር ግን አልተሸነፈችም።

«እኔ ባርፍ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።»

«እኔም እንዳንቺ ነበርሁ። ቄስ መለሰ ዜማ ያበላሻል እያልሁ በእሱም ሳምንት እገባ ነበር። በፍልሰታ የሌሊቱን የሰዓታት ጸሎት ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ መቋሚያዬ ወድቆ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አለቃችን ጠርተው ‹የምታገለግለው እግዜርን ነው ወይስ ያለ እሱ አይሆንም መባልን?› አሉኝ።»

እስከዳር በእጇ የያዘችውን ስልክ አየችው። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር ብትሰለችም ውስጧ ደስ ይለው ነበር።

«ቤትስ ማን ይጠብቅሻል?»

«ማንም» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ለሌላው የሚሠራ ሰው ድካሙን መናገር ነውር ይመስለዋል፤ ዕረፍቱን ከተቸገረ ሰው አፍ የነጠቀው አድርጎ ይቆጥራል። እንዲህ ሲል ይቆይና አንድ ቀን ጨርሶ ይጠፋል።

መኪናው ሞልቶ ሲነሳ እስከዳር ቀስ ብላ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች።

«ከመልቀቅሽ በፊት አንድ ሳምንት ለዚያ ወሬኛ ስጭው። ስልኩንም አብረሽ ስጭ፤ ስልኩ ካንቺ ጋር ከዋለ አላረፍሽም።»

ሰኞ አራዳ ወደሚገኘው ቢሮ የገባችው የተራ ዕቅድ ይዛ ነው። ማኅበሩ ለባለተራው የሚሰጥ አንድ ስልክ ገዛ፤ ሦስቱ ሠራተኞች በየሳምንቱ ይቀባበሉት ጀመር። ዛሬ አራተኛ ወሩ ነው። ከሥራው የለቀቀ የለም። ከተራው ውጭ ያለው የቢሮውን ሥራ ይሠራል፣ ፈቃዱንም ይወስዳል። እያንዳንዱ አረጋዊ አሁን በስም የሚያውቃቸው ሦስት ሰዎች አሉት፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይደርሳል።

እስከዳርን ያሳመናት ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። የመጀመሪያውን ሳምንት አርፋ ስትመለስ፣ ሰውአገኝ ከሚረዷቸው አረጋውያን አንዷን፣ እማማ ታየችን፣ ጤና ጣቢያ እንደወሰዳቸው ሰማች። ውስጥ እግራቸው ላይ የቆየ ቁስል ነበር። እሷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትጎበኛቸው ነበር፤ አላየችውም።

«እማማ፣ ለእኔ ምነው ሳይነግሩኝ?» አለቻቸው ቤታቸው ሄዳ።

«አንቺማ ደክሞሽ ትመጭ ነበር፣ የኔ ልጅ። ደግሞ እኔ ልጨምርብሽ? ‹ደኅና ነኝ› ብዬ እሸኝሽ ነበር።» ፊቷን ትኩር ብለው አዩትና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ዛሬ ሸጋ ሆነሻል። ነይ ቁጭ በይ፤ ጉልበቴንም ላሳይሽ።»