ሃሪየት ለንት የወደቀችበት መሰላል

የተከበራችሁ የሃሪየት ቤተሰቦች፣ እህቷ ዶርካስ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች፣ ቤታችሁን ቀለም የቀባችላችሁ ጎረቤቶች ሁሉ፤ በዚህ የባሕር ብርድ ቆማችሁ ልትሸኟት ስለመጣችሁ እግዜር ያጽናችሁ።

ክላይድ ቢል ነኝ። እዚሁ ሜይን ግዛት ውስጥ ቤት ጠጋኝ ኮንትራክተር መሆኔን ታውቃላችሁ። ሃሪየት አሥራ አራት ዓመት ከእኔ ጋር ሠርታለች። ከእኔ ጋር እላለሁ እንጂ፣ አንድም ቀን የእኔ ሠራተኛ ናት ብዬ አላውቅም። ዛሬ የቆምኩት ላወድሳት አይደለም። ለዚያ የሚሆን አፍ የለኝም። ያፈርኩበትን ልናገር ነው።

አስተማሪ ነበረች፤ ብዙዎቻችሁን ፊደል አስቆጥራለች። የኢራቅ ጦርነት ሲጀመር ከደመወዟ የሚቆረጠውን ግብር አየችና «እጄ ሳይነካው ቦምብ ይሆናል» አለች። ትምህርት ቤቱን ትታ ብሩሽ ያዘች። በግሏ እየተዋዋለች ስትሠራ ገንዘቡ መጀመሪያ እሷ እጅ ይገባል። የጦርነቱን ድርሻ ታስቀርና ለከተማችን ክሊኒክ ትሰጣለች። ያንኑ ለግብር ቢሮው በደብዳቤ ታሳውቃለች፤ ከነስሟ፣ ከነአድራሻዋ። ተደበቀች? አልተደበቀችም። የባንክ ሂሳቧን ወረሱባት። መኪናዋን ወሰዱባት። የቀለም ቆርቆሮ በብስክሌት አንጠልጥላ ስትመጣ ያልሳቀባት ማን ነው? እኔ ስቄባታለሁ።

የመጀመሪያ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«ክላይድ፣ ግብር የሚቆረጥበት የደመወዝ መዝገብህ ውስጥ አታስገባኝ። ውል ግን እንጻፍ። የአደጋ መድን፣ ደህና መወጣጫ፣ የደህንነት ቀበቶ።»

«ነፃ ሰው ነኝ ትይ የለ? ነፃ ሰው መድኑን ራሱ ይግዛ!»

«እምቢ ያልኩት ለጦርነት መክፈልን ነው። አጥንቴ ይሰበር አላልኩም።»

ሳቅሁ። ውሉን ግን አልጻፍኩም። የእሷ ሕሊና ለእኔ ሲሳይ ሆነ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ከወደቡ በላይ ያለውን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ስንቀባ፣ ጠዋት ጠራችኝ። «ይሄ መሰላል ላይኛው መርገጫው ተሰንጥቋል» አለች። እኔስ ምን አልኩ? «አንቺ ደግሞ! መንግሥት የማትፈሪ ሴትዮ መሰላል ፈራሽ?»

ከምሳ በፊት ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ «የማን ሠራተኛ ናት?» ስትል፣ አልጋው አጠገብ ቆሜ «የራሷ» አልኩ። ሃሪየት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ኋላ የሠራተኛ ጉዳይ መርማሪው መጣና «መሰላሉስ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእሷ» አልኩ።

የእኔ ነበር። ወዳጆቼ፣ መሰላሉ የእኔ ነበር። በማግሥቱ ፈልጬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። እሷ እውነቱን ተናግራለች። ግን ግብር እምቢ ካለች ሴት ቃልና ከእኔ ቃል የቱ ይታመናል? የእኔ ታመነ። እናንተም በየሱቁ «ሃሪየት እኮ ጥንቃቄ የላትም» ስትሉ ሰማሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ።

እሷ ግን ዝም አላለችም። እያነከሰች በየቤቱ ዞረች። ቀለም ቀቢውን፣ አናጢውን፣ ጣሪያ ሠሪውን፣ በየግሉ የሚለፋውን ሁሉ ሰበሰበች። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ያለ ውልና ያለ መድን መሰላል አንወጣም አሉ። የውሉን ወረቀት መጀመሪያ ያመጣችው ለማን ነው? ለእኔ!

«ምነው ከሰው ሁሉ እኔ ጋ መጣሽ?»

«አንተ ከፈረምክ፣ ሌላው ምን ሰበብ ይኖረዋል?»

ፈረምኩ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም። ሳንባዋ ታሞ አልጋ ስትይዝም ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ማክሰኞ አረፈች።

ሃሪየት፣ አሁን ለአንቺ ነው የምናገረው። ዛሬ ጠዋት እውነቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለእህትሽ ሰጥቻታለሁ። አነበበችና «ስድስት ዓመት ዘገየህ» አለችኝ። ሰኞ አብረን ወደ መርማሪው እንሄዳለን። የሚመጣውን እቀበላለሁ።

የሣጥኑን ገመድ እንድይዝ ተጠይቄ ነበር። አልይዝም። አሥራ ዘጠኙ ይያዙት፤ ወጉ የእነሱ ነው። እኔ ከኋላ እቆማለሁ።

ደህና ሁኚ፣ ሃሪየት።

ልጆች፣ ቀስ ብላችሁ አውርዷት።